«ሳትሸጪው እንክፈተው»

ግንቦት ውስጥ ነው፤ ማክሰኞ ማታ። እራት ቀርቦ ልጄ ስላልመጣች ባለቤቴ “እስኪ ሂድና ጥራት” አለችኝ። ክፍሏ ስገባ ጊታሯን አልጋው ላይ አጋድማ፣ በጨርቅ ወልውላ፣ በስልኳ ፎቶ ታነሳዋለች።

“ምን እያደረግሽ ነው?”

“ልሸጠው ነው አባዬ። በቃኝ፤ ተውኩት።”

ዓይኖቿ ቀልተዋል። 16 ዓመቷ ነው። ያንን ጊታር ለመግዛት የዓመት በዓል ብሯን ሳታጠፋ፣ የጎረቤት ልጆች እያስጠናች፣ አክስቷ የሰጠቻትን ጨምራ አንድ ዓመት ከመንፈቅ አጠራቅማለች። በ8,500 ብር ከሰው እጅ ነው የገዛችው። ቅርጹ ስትራቶካስተር ከሚባለው ታዋቂ ጊታር የተቀዳ ነው፤ ጭንቅላቱ ላይ የተጻፈውን ስም ግን የሚያውቀው ሙዚቀኛ አላገኘንም። ርካሽ የሚባለው ዓይነት ነው።

ነገሩን ቀስ ብዬ አወጣጣሁ። ትምህርት ቤታቸው ሰኔ ላይ የወላጆች ቀን አለ። አምስት ሆነው የሚጫወቱበት የሙዚቃ ክበብም አላቸው። የዛን ዕለት ልምምድ ላይ የእሷ ጊታር “እምምም” እያለ የዘፋኟን ድምፅ ሸፈነው። ክበቡን የሚመሩት ሰው “ያንቺን አጥፊው፤ ጥሩ ጊታር ያለው ልጅ ብቻ ይጫወት” አሏት። ጓደኞቿ ፊት ነው ያሏት።

እኔ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነኝ። ሰፈራችን ውስጥ ትንሽ ሱቅ ይዤ 27 ዓመት ሠርቻለሁ። ድሮ ጠረጴዛዬ ላይ ቴፕ ሪከርደር ተደራርቦ ወረፋ ይጠብቅ ነበር። ዛሬ ቴሌቪዥን ሲበላሽ ብዙ ሰው ከማስጠገን አዲስ መግዛት ይቀለዋል። ሥራ ሲቀዘቅዝ ሰው ሙያውን የሚያሳይበት አጋጣሚ ይናፍቀዋል መሰለኝ። እኔ እንዲያ ነበርኩ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና “ሳትሸጪው እንክፈተው” አልኳት።

“ጊታር ይከፈታል እንዴ?”

“ሽቦ ያለው ነገር ሁሉ ይከፈታል።”

ከካቻቪቴ በፊት ጆሮ

ቅዳሜ ከሰዓት ሱቄን ዘግቼ መጣሁ። ልጄ ካቻቪቴውን ልታቀብለኝ ስትል “ቆይ፣ መጀመሪያ እንስማው” አልኳት። ሬዲዮም ሆነ ጊታር፣ ከመክፈት በፊት ማዳመጥ ግማሽ ጥገና ነው።

ከክሮቹ ሥር ሦስት ነጫጭ የፕላስቲክ ሳጥኖች አሉ። ሙዚቀኞች ፒክአፕ ይሏቸዋል። ፒክአፕ ማለት ማግኔት ነው፤ ዙሪያውን ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሞበታል። የተለመደው ዓይነት ከ7 ሺህ እስከ 8 ሺህ ዙር ገደማ ይኖረዋል። የብረቱ ክር ከላዩ ሲርገበገብ የማግኔቱን ኃይል ያናውጠዋል፤ ያኔ ሽቦው ውስጥ እጅግ አነስተኛ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። አምፕሊፋየሩ የሚያጎላው ያንን ነው። ናይለን ክር ያለው ክራር ሥር ይህንኑ ፒክአፕ ብታስቀምጡ ምንም የማይሰማው ለዚህ ነው፤ ማግኔት የሚያውቀው ብረትን ነው።

ችግሩ ያ ሁሉ ዙር ሽቦ የክሩን ድምፅ ብቻ አይሰማም። የቤታችን መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ኤሌክትሪክ ነው። ከፍሪጁ፣ ከረጅሙ አምፖል፣ ከስልክ ቻርጀሩ የሚወጣውን ጉምጉምታ ፒክአፑ እንደ አንቴና ይለቅመዋል። የጊብሰን ኩባንያ ባለሙያ የነበረው ሴዝ ላቨር እ.ኤ.አ. በ1955 ሃምባከር የተባለውን ፒክአፕ የሠራው ይህን ጣጣ ለመገላገል ነው። ሁለት ጥቅሎችን ጎን ለጎን አድርጎ በተቃራኒ አገናኛቸው። የመብራቱ ጉምጉምታ በሁለቱም ገብቶ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ የክሩ ድምፅ ግን ማግኔቶቹም በተቃራኒ ስለተቀመጡ ይደመራል።

የልጄ ጊታር ነጠላ ጥቅል ያለው ነው፤ ስለዚህ ጥቂት መጉምጎሙ አይቀርም። የእሷ ግን ከጥቂት በላይ ነበር። አምፕሊፋየሩን አብርተን “ክሮቹን በእጅሽ ያዣቸው” አልኳት። ያዘች፤ ምንም ለውጥ የለም። “አሁን የኬብሉን ብረት ያዥው።” ነካችው፤ ጉምጉምታው ወዲያው ቀነሰ።

ፈገግ አልኩ። ደህና በሆነ ጊታር ክሮቹን ስትነኩ ጉምጉምታው መቀነስ አለበት፤ ምክንያቱም ክሮቹ በቀጭን ሽቦ ከግራውንዱ ጋር ይገናኛሉ። ክሩ ሲነካ ምንም ሳይለወጥ የኬብሉ ብረት ሲነካ ከቀነሰ፣ ያ ሽቦ አንድ ቦታ ተበጥሷል ማለት ነው። ገና ሳንከፍተው በሽታውን አወቅነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የጊታሩ ክር በአምፕሊፋየሩ በኩል ከግድግዳው ሶኬት ግራውንድ ጋር የተያያዘ ነው። ሶኬታችሁ ግራውንድ ከሌለው፣ ወይም ክሩን ስትነኩ ትንሽም ቢሆን ከነዘራችሁ፣ ጊታሩን ትታችሁ መጀመሪያ ኤሌክትሪሻን ጥሩ። አምፕሊፋየሩን ደግሞ ራሳችሁ አትክፈቱ፤ ከሶኬት ተነቅሎም ኃይል የሚያስቀሩ ዕቃዎች ውስጡ አሉ። ጊታሩ ውስጥ ግን ሰው የሚጎዳ ኤሌክትሪክ የለም።

11 ብሎኖች

ኬብሉን ነቀልን፤ ክሮቹን አላላን፤ ነጩን ሽፋን የያዙትን 11 ብሎኖች ፈታን። ሽፋኑን ስንገለብጠው ሦስቱ ፒክአፖች፣ ሦስት መዘውሮችና አንድ መቀያየሪያ ከሥሩ ተንጠልጥለው ወጡ። “ይሄው ነው?” አለች ልጄ። ሌላ የተደበቀ ነገር የጠበቀች ትመስል ነበር።

“ይሄው ነው። አሁን ምንም ሳትነኪ ፎቶ አንሺ። የትኛው ሽቦ የት እንደተያያዘ እያንዳንዱን አንሺ። እኔ በምሠራበትም ጊዜ ቪዲዮ ቅጂ።” ይህችን ምክር አስታውሱልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

የተበጠሰው ሽቦ ከጊታሩ ጀርባ፣ ስፕሪንጎቹን የሚይዘው ብረት ላይ ነበር። ፋብሪካው ብረቱን በደንብ ሳያሞቅ እርሳስ ጠብ አድርጎበት አልፏል። ላዩ ላይ ተቀምጧል እንጂ አልያዘም፤ በጣቴ ስነካው ተነሳ። ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ፣ ትልቁን ካውያ አግሜ፣ ሽቦውን አያያዝኩት። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር። መልሰን ስንሞክረው ከጉምጉምታው አብዛኛው ጠፋ። ልጄ እልል አለች። ባለቤቴ ከኩሽና “ምን ተገኘ?” ብላ መጣች።

ርካሽ ጊታርና ውድ ጊታር የሚለያዩበት አንዱ ቦታ ይህ ነው። የማይታየው ውስጡ ላይ ይቆጠባል፤ ሽቦው ይቀጥናል፣ መዘውሩ ያንሳል፣ እርሳሱን የሚያያይዘው ሠራተኛ ይጣደፋል። እንጨቱን መቀየር አይቻልም። ውስጡን ግን በትንሽ ብር ማስተካከል ይቻላል።

እሑድ ቀጠልን። ፒክአፖቹ የሚቀመጡበትን ጉድጓድና የነጩን ሽፋን ጀርባ ባለቤቴ ዶሮ በምትጠቀልልበት የአሉሚኒየም ፎይል አለበስነው። ፎይሉ ከግራውንድ ጋር ሲገናኝ ከውጪ የሚመጣውን ረብሻ ይመክታል። አሉሚኒየም በተለመደው እርሳስ አይያያዝም፤ ስለዚህ ሽቦውን በትንሽ ብሎን አሰርነው። ፎይሉ የጃኩን ጫፍ ወይም የመቀያየሪያውን እግር ከነካ ጊታሩ ጭራሽ ዝም ይላል፤ እዚያ አካባቢ ፕላስተር ለጠፍንበት።

የድምፅ መጨመሪያው መዘውር ሲዞር ይንኮሻኮሻል። በዚያ ላይ ከ10 ወደ 4 ብትቀንሱት ብዙ ለውጥ የለውም፤ ከዚያ ድንገት ይሞታል። ጀርባው ላይ “ቢ” የሚል ፊደል ነበረው። “ቢ” የተባለው በእኩል መጠን የሚቀንስ ነው፤ የሰው ጆሮ ግን ድምፅን እንዲያ አይለካም። ለድምፅ መጨመሪያ የሚሻለው ከጆሮ ጋር አብሮ የሚሄደው “ኤ” ነው። መርካቶ ሄደን 500 ኪሎ ኦም በየሱቁ ስናገኝ፣ ለነጠላ ጥቅል የሚመከረውን 250 ኪሎ ኦም ያገኘነው ስድስተኛው ሱቅ ላይ ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ድምፁ ይለሰልሳል። የልጄ ጊታር ደግሞ ሹል ስለነበር ማለስለሻ ያስፈልገው ነበር።

ቶን የሚባለው መዘውር የሚሠራው በካፓሲተር ነው፤ ቀጭኑን ድምፅ ወደ ግራውንድ አሳልፎ ወፍራሙን ያስቀራል። የነበረው 0.047 ማይክሮ ፋራድ ሲሆን፣ መዘውሩ ሲዘጋ ድምፁን ብርድ ልብስ ውስጥ የገባ ያስመስለዋል። 0.022 ብናደርገው እንደሚሻል ገመትን። መግዛት አላስፈለገንም፤ ሱቄ ውስጥ ባለቤቱ ሳይመለስለት ዓመታት ካስቆጠረ ሬዲዮ ላይ 223 የሚል ካፓሲተር ነቀልን። 223 ማለት 22 ሺህ ፒኮ ፋራድ ነው፤ ያው 0.022 ማይክሮ ፋራድ።

ሌላው ያለ ወጪ ያገኘነው ነገር ይህ ነው፦ በዚህ ዓይነት ጊታር ላይ ብዙ ጊዜ ሁለቱ የቶን መዘውሮች ለአንገቱና ለመሃሉ ፒክአፕ ብቻ ናቸው። ከሁሉ ይበልጥ ጆሮ የሚበሳው፣ ክሮቹ ከሚታሰሩበት ጫፍ ያለው ፒክአፕ፣ ልጓም የለውም። መቀያየሪያው ላይ የጣት አንጓ በምታህል ቁራጭ ሽቦ ሁለተኛውን ቶን ለእሱም አደረግነው።

የፒክአፖቹን ከፍታም አስተካከልን። ከግራና ቀኝ ያሉትን ብሎኖች በማጥበቅና በማላላት ብቻ ፒክአፑ ወደ ክሩ ይጠጋል ወይም ይርቃል። በጣም ከተጠጋ ማግኔቱ ክሩን እየሳበ ድምፁን ያወላግደዋል፤ በጣም ከራቀ ድምፁ ይደክማል። የመጨረሻው ፍሬት ላይ ክሩን ተጭነን ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ተውንለት፤ በወፍራሞቹ ክሮች በኩል ትንሽ ዝቅ አደረግነው። ከሠራነው ሁሉ ድምፁን በግልጽ የለወጠው፣ አንድ ሳንቲም ያላስወጣን ይህ ነበር።

የእኔ ጥፋት

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም።

የአንገቱ ፒክአፕ ድምፁ ከፍ ሲል ያፏጫል። ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ ሽቦው ልል ከሆነ ከአምፕሊፋየሩ የሚመጣው ድምፅ ራሱ ያርገበግበዋል። መፍትሔውም የታወቀ ነው፤ ፒክአፑን ቀልጦ በተዘጋጀ ሰም መንከር። ማክሰኞ ማታ ለዚሁ ብለን ፒክአፑን አወጣን። እኔ ግን እግረ መንገዴን ከፒክአፑ የሚወጣውን ቀጭን ኬብል፣ ሱቄ ውስጥ ባለ ወፍራም ኬብል ልቀይረው አሰብኩ።

“እሱ ግን ምን ችግር አለበት አባዬ?”

“አንቺ ዝም ብለሽ እዪ።”

ችግር አልነበረበትም። ላሳያት ፈልጌ ነው። መነጽሬን ሱቅ ረስቻለሁ፤ መብራቱም ደካማ ነው። ኬብሉ አልላቀቅ ሲለኝ ካውያውን አቆየሁት፤ ከዚያ ሳብ አደረግኩት። ኬብሉ ወጣ። ቴስተሩን ሳስጠጋ 6 ኪሎ ኦም ገደማ ማንበብ የነበረበት ምንም አላነበበም። ጥቅሉ ተበጥሷል።

ልጄ ፊቴን ታያለች። አፌ ላይ የመጣውን ልንገራችሁ። “ይሄ ከመጀመሪያውም የሞተ ነው። የፋብሪካ ችግር ነው፤ ርካሽ ዕቃ እንዲህ ነው” አልኳት።

“ትናንት ይሠራ ነበር እኮ” አለች።

“አንዳንዴ እንዲህ ያደርጋል።”

27 ዓመት ስሠራ የደንበኛን ዕቃ አበላሽቼ “ከመጀመሪያውም የሞተ ነው” ብዬ አላውቅም። ሳበላሽ ከኪሴ ገዝቼ ተክቻለሁ። ለልጄ ግን አልኩት። ምንም ሳትመልስ ብሎኖቹን በቡና ሲኒ ሰብስባ ወደ ክፍሏ ገባች።

ረቡዕና ሐሙስ ቤታችን ዝም አለ። ትበላለች፣ ታጠናለች፣ “ደህና እደር” ትላለች። ስለ ጊታሩ አንድም ቃል አታነሳም። ዋሽንግተን ላለው ወንድሜ ደውዬ ፒክአፕ እንዲልክ ለመንኩት። እሱም ወጣት ሳለ ጊታር ይሞካክር ነበር። “እልካለሁ፤ ግን ሰው እስኪመጣ ወር ያልፋል። ደግሞስ ምን ሆኖ ነው?” አለኝ። ለእሱም “በራሱ ተበላሽቶ” ልለው ነበር። ምላሴ እምቢ አለኝ።

ዓርብ ማታ ክፍሏን አንኳኳሁ።

“ያንን ፒክአፕ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። የፋብሪካ ችግር አልነበረም። ይቅርታ አድርጊልኝ።”

“አውቃለሁ አባዬ” አለች። ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ። እኔው “ቅጂ” ብዬ ባዘዝኳት ቪዲዮ ላይ ኬብሉን ስስብ፣ የካውያው ጫፍ ፀጉር የመሰለችውን ሽቦ ሲነካት፣ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሦስት ቀን ሙሉ በእጇ ይዛው፣ እኔ እስክናገር ጠብቃለች።

ከዚያ ቪዲዮውን አጎላችው። “እዚህ ጋ ነው የተበጠሰው። ከውጪ ነው። ከውጪ ከሆነ ይቀጠላል አይደል?”

የእሷ እጅ

ይቀጠላል። ጥቅሉ ሁለት ጫፍ አለው። አንዱ ከሥር፣ ከመጀመሪያው ዙር ይነሳል፤ እሱ ከተበጠሰ ያንን ሁሉ ሺህ ዙር ፈትቶ እንደገና ከመጠምጠም በቀር ሌላ ማምለጫ ብዙም የለም። ሌላው የመጨረሻው ዙር ጫፍ ነው፤ እሱ ላይ ላዩን ስለሆነ አንድ ዙር ፈትቶ መቀጠል ይቻላል።

ቅዳሜ ጠዋት ሱቅ ይዣት ሄድኩ። መነጽሬን አድርጌ፣ አጉሊ መስታወት ይዤ ሞከርኩ። እጄ እንደ ድሮው አይደለም። ሽቦዋ ከጣቴ ትሾልካለች፤ ስይዛት ደግሞ እንዳልበጥሳት እሰጋለሁ። ሁለቴ ሞክሬ ካውያውን አስቀመጥኩ።

“አንቺ ያዥው” አልኳት።

እኔ መብራት ያዝኩ። እሷ በጥፍሯ ጫፍ አንድ ዙር ፈታች። ይህ ሽቦ ዙር ከዙር እንዳይነካካ በቀጭን ቫርኒሽ የተሸፈነ ነው፤ ቫርኒሹ ካልተነሳ እርሳስ አይዘውም። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ጫፉን ሳትጫን አሸት አሸት አደረገችው። ቀዳዳው ላይ ሁለቴ ጠመጠመችና ካውያውን ነካ አድርጋ ወዲያው አነሳች። ትንፋሼን ይዣለሁ። ቴስተሩ 5.9 ኪሎ ኦም አነበበ።

በዚያ መሃል ነው የክዊን ባንድ ጊታሪስት ስለሆነው ስለ ብራያን ሜይ የነገረችኝ። እ.ኤ.አ. በ1963፣ እሱ 16 ዓመቱ ሳለ፣ የሚፈልገውን ጊታር መግዛት ስላልቻለ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ከሆነው አባቱ ጋር ራሳቸው ሠሩት። አንገቱን ከአሮጌ የእሳት ማንደጃ እንጨት አወጡት፤ ስፕሪንጎቹን ከአሮጌ ሞተር ብስክሌት ወሰዱ። ሁለት ዓመት ገደማ ፈጀባቸው። መጀመሪያ ፒክአፑንም ራሱ ጠምጥሞ ነበር፤ ድምፁ አልጥም ስላለው በኋላ ገዝቶ ቀየረው፤ የገዛውም እንዳያፏጭ ውስጡን በማጣበቂያ ደፈነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በእንግሊዝ ንግሥት ቤተ መንግሥት ጣሪያ ላይ ቆሞ የተጫወተው በዚያው ጊታር ነው። “እሱም 16 ዓመቱ ነበር” አለችኝ ደግማ። ገባኝ።

ሰሙን ቀላል ነገር አትመልከቱት። የምንጠቀመው ተራ ነጭ ሻማ ነው፤ ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ከአምስት አንድ እጅ የንብ ሰም ይጨመርበታል። በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድም፤ የሻማ ጭስ በእሳት ሊያያዝ ይችላል። ሰሙ በቆርቆሮ ሆኖ ሙቅ ውሃ ያለበት ድስት ውስጥ ይቀመጣል። ሙቀቱ 65 ዲግሪ አካባቢ ቢሆን ይበቃል፤ ከዚያ ብዙ ካለፈ የፒክአፑ ፕላስቲክ ይጣመማል። ፒክአፑን ስትነክሩት ከውስጡ ጥቃቅን አረፋ ይወጣል። አረፋው ሲያቆም ሰሙ ገብቷል ማለት ነው። ባለቤቴ የበግ ቅቅል የምትሠራበት ድስት መሆኑን ካወቀች በኋላ ስትስቅም ስትቆጣም ነበር። “ሰምና ወርቅ ስትሉ ሰምታችሁ ይሆናል፤ የእናንተ ሰምና መዳብ ነው” አለችን።

ለመሞከር ለምታስቡ

ሁሉንም በአንዴ አትቀይሩ። አንድ ነገር ሠርታችሁ ስሙ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው እለፉ። ያለዚያ የትኛው እንደረዳ፣ የትኛው እንዳበላሸ አታውቁም። ወጪ ከሌለው ጀምሩ፤ የፒክአፑ ከፍታ፣ የግራውንዱ ሽቦ፣ የላላ ጃክ። መዘውሩ ከተንኮሻኮሸ ከመቀየራችሁ በፊት ኮንታክት ክሊነር ንፉበትና ሃያ ጊዜ አዙሩት። ካውያውን አንድ ቦታ ላይ ከሁለት ሦስት ሰከንድ በላይ አታቆዩ። የሚሠራ ነገር አትንኩ፤ ይህን ከእኔ ተማሩ።

ውድ ፒክአፕ መግዛት የመጨረሻው እርምጃ ይሁን። ወንድሜ ሊልክልን ያለውን ልጄ ራሷ ደውላ “አሁን አትላክ አጎቴ፤ መጀመሪያ ይሄን ልወቀው” አለችው። ለመዘውር፣ ለሽቦ፣ ለፎይል፣ ለሰምና ለመርካቶ ታክሲ ያወጣነው ሁሉ ተደምሮ 1,500 ብር አልሞላም።

የወላጆች ቀን

ሰኔ ላይ ዝናብ እየጣለ አዳራሹ ሞላ። ልጄ ከግራ በኩል ቆማለች። የተመረጠው ዜማ ትዝታ ነበር። እኔ በሮሃ ባንድ ካሴቶች የሰላም ስዩምን ጊታር እየሰማሁ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ካሴቱ ሲበጠስ በጥፍር ቀለም የምቀጥለውም እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ጆሮዬ በቀላሉ አይታለልም። ዘፋኟ ከመጀመሯ በፊት አዳራሹ ዝም ሲል፣ ያ “እምምም” ይመጣል ብዬ የወንበሬን ጠርዝ ያዝኩ። አልመጣም። ከዝናቡ በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም።

መቀያየሪያውን ወደ አንገቱ ፒክአፕ አደረገችው። እኔ ያበላሸሁት፣ እሷ የቀጠለችው ነው። የመጀመሪያውን ድምፅ ስትጫወት ባለቤቴ ክንዴን ጨበጠችኝ።

ሁለት ጊዜ ተሳስታለች። ማንም አላስተዋለም፤ እኔ ግን አስተውያለሁ፤ በኋላም ነገርኳት። “እኔም አውቄዋለሁ” አለች። ከእንግዲህ የተበላሸን ነገር ለእሷ መደበቅ እንደማይቻል ከተማርኩ ቆይቻለሁ።

ያ “ጥሩ ጊታር ያለው” የተባለው ልጅ ባለፈው ቅዳሜ ሱቄ መጣ። የእሱም መዘውር ይንኮሻኮሻል። “ጋሼ፣ ያዩልኝ?” ብሎ ጊታሩን ዘረጋልኝ። ጠረጴዛው ጥግ ወዳለችው ልጄ በአገጬ አመለከትኩት። ተቀበለችው፤ አገላበጠችው፤ ካቻቪቴውን ግን አላነሳችም።

“መጀመሪያ ስካው” አለችው። “እንስማው።”